ማንም ሳይነካው ሁለቴ የተሰነጠቀው የሳሎናችን መስታወት

ኅዳር 13 ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ነው። ኩሽና ቆሜ ሻይ ስቀዳ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብዙም አልጮኸም፣ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚያሰማው ነው፣ እኔም ቆርቆሮው ነው ብዬ ተውኩት፣ አዲስ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ጣሪያው ሁሌ ይንጫጫል። ከአስር ደቂቃ በኋላ ሳሎን ስገባ ትልቁ የማይከፈተው መስታወት ላይ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ የወጣና መሃል ሲደርስ ወደ ግራ የታጠፈ አንድ ቀጭን መስመር አየሁ። ፀጉር መስሎኝ በእጄ ልጠርገው ነበር እኮ። ጥፍሬን ያዝ ሲያደርገው ነው ክው ያልኩት።

ቤቱ ገና ሁለት ወሩ ነው። መስቀልን ኪራይ ቤት አሳልፈን በሳምንቱ ነው እቃ ጭነን የገባነው፣ የቀለሙ ሽታ እንኳን አልለቀቀም። መስታወቱ ደግሞ የቤቱ ጌጥ ነው፣ 1 ሜትር ከ40 በ1 ሜትር ከ60፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ፣ ብሮንዝ ሪፍሌክቲቭ የሚሉት ነሐስማ ቀለም ያለው አንፀባራቂ፣ ወደ ምስራቅ የሚያይ፣ ባለቤቴ ፕላኑ ላይ ሁለት ትንንሽ መስኮት የነበረውን አሰርዛ በስንት ክርክር ያስገባችው። ይሄን የምፅፈው ለዚሁ አንድ መስኮት ሁለት ጊዜ ከኪሴ ከፍዬ ምክንያቱን ያወቅኩት በስተመጨረሻ ስለሆነ ነው፣ ምናልባት እናንተ አንደኛው ይቀርላችሁ ይሆናል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የጎረቤት ልጆችን ነው። ከአጥራችን ውጪ ባለችው ባዶ ቦታ ኳስ ይጫወታሉ፣ ኳሷም አንድ ሁለቴ ግቢ ገብታ ታውቃለች። ሳላጣራ ሳልጠይቅ ለምሳ ሲመለሱ አንዱን ልጅ መንገድ ላይ ጠብቄ ጮህኩበት። "ጋሼ እኛ እኮ ጠዋት ክፍል ውስጥ ነበርን" አለኝ አይኑን እያንከራተተ። እውነቱን ነው፣ 3 ሰዓት ላይ ትምህርት ቤት ነው ያለው፣ ደግሞ ኳስ የመታው መስታወት ምን እንደሚመስል ያኔ ባውቅ ኖሮ አፌን አልከፍትም ነበር። እናቱን ሄጄ ይቅርታ የጠየቅኩት ከወር በኋላ ነው፣ እሱ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ከዛ ደግሞ እሳቱ መጣ። ኅዳር 12 እንደሚታወቀው ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ አውጥቶ ያቃጥላል፣ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጊዜ ጀምሮ የቀረ ነው፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው። ጎረቤታችን በአጥሩ ጥግ የቆለለውን ቅጠልና ካርቶን ሲያነድ ጭሱ ሳሎን ድረስ ገብቶብን ነበር። እንዲህ ብዬ ስጠረጥር ቆየሁና ወጥቼ በእርምጃ ለካሁት፣ አመዱ ከመስታወቱ አስራ ምናምን ሜትር ይርቃል፣ እሳቱም በዋዜማው ከምሳ በፊት ነዶ አልቋል። በነጋታው ጠዋት ምን ሊያደርግ ይመጣል?

ቡናውንም ጠርጥረነዋል። የሚካኤል ለት አማቴ መጥተው ስለነበር ቡናው መስኮቱ ስር ነው የተፈላው፣ የከሰል ምድጃው ከመስታወቱ ግማሽ ሜትር አይርቅም። ይሄኛው እንደውም የዋዛ ጥርጣሬ አይደለም፣ ከሰል መስታወት ስር ማስቀመጥ በእውነት ይሰነጥቃል፣ እንዳታደርጉት። ግን ምድጃው የነበረው በግራ በኩል ነው፣ ስንጥቁ የተነሳው ከታች በቀኝ በኩል። እና አሁንም ያው ጥያቄ፣ ለምን በነጋታው?

አማቴ ግን ምንም ጥርጣሬ አልነበራቸውም። "ይሄ ዓይን ነው። ቤቱን ያየ ሁሉ የሚያወራው ስለመስታወቱ ነው" ብለው ቆረጡት፣ በሳምንቱም በሃይላንድ ጸበል ይዘው መጡና መስኮቱን በውስጥም በውጭም ሊረጩት ሲሉ ባለቤቴ "እማዬ ቤቱን ብቻ ይርጩት" ብላ አስተወቻቸው። እሷ ወለሉ እንዳይበላሽ ፈርታ ነው እንጂ ሌላ አስባ አይደለም፣ ግን ደህና አረገች። ፀሐይ ያጋለው መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ፣ የጸበልም ይሁን የቧንቧ፣ አይረጭም። ስታጥቡም ጥላ ሲሆን እጠቡ።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ኮንስትራክሽን ውስጥ የሚሰራ ጓደኛዬ ጋ ደውዬ ስነግረው "አፈራችሁ ምን አይነት ነው?" አለኝ። ጥቁር አፈር ነው፣ መረሬ፣ ክረምት ላይ ጫማ የሚያወልቅ። ዝም አለ። ከዛ "ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ሲገባ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል፣ ኅዳር ላይ ነው ደግሞ መድረቅ የሚጀምረው፣ መሠረቱ ተንቀሳቅሶ ይሆናል" አለኝ። በቃ ከዛች ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ግድግዳ ሳፈጥ ማደር ሆነ ስራዬ፣ ልስኑ ላይ ያለችውን እያንዳንዷን ፀጉር የምታክል ስንጥቅ በስልክ መብራት እየፈለግኩ። ሶስት አገኘሁ። አዲስ ቤት ላይ ሶስት ስንጥቅ ምንም እንዳልሆነ የተረዳሁት በኋላ ነው፣ ልስንም ጄሶም ሲደርቅ ትንሽ ይሰነጣጠቃል።

በዚህ መሃል መስታወቱን የገጠመውን የአሉሚኒየም ባለሙያ ጠራሁት። መጣ፣ ከደጅ ሆኖ አየት አደረገውና "ወንድሜ ሰው መትቶት ነው፣ መስታወት በራሱ አይሰበርም" አለ። ዋስትና ምናምን ስለው "ዋስትናው ለፍሬሙ ነው" አለ። ውሉን ሳየው እውነትም ስለ መስታወት የሚለው ነገር የለም። ከፈልኩ። ሁለት ልጆች ልኮ የተሰነጠቀውን አውልቀው አዲስ ገጠሙና ስብርባሪውን ጭነው ሄዱ። እኔ በሰዓቱ ስራ ቦታ ነበርኩ። ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው፣ ሲያወርዱት አልነበርኩም፣ ስብርባሪውንም አላስቀረሁም፣ በእጄ የቀረችው በመጀመሪያው ቀን ለጓደኛዬ በቴሌግራም የላክኩለት አንዲት ፎቶ ብቻ ናት።

ታኅሣሥ ገብርኤል ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ ሶስት ሰዓት አልፎ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ቀጭ።

ይሄኔ መናደዱን ትቼ ማሰብ ጀመርኩ ማለት ይቻላል። ያችን የድሮ ፎቶ አውጥቼ ከአዲሱ ጋ ሳስተያየው ሁለቱም የተነሱት ከታችኛው ጠርዝ ነው፣ ሁለቱም ከቀኙ ጥግ 30 ሴንቲ አካባቢ። መስታወቱ ተቀይሯል፣ ሰዓቱና ቦታው ግን አልተቀየረም። እንግዲህ ኳስ ሁለቴ አንድ ቦታ፣ ያውም የመስታወቱ የመጨረሻ ጠርዝ ላይ አይመታም። ዓይንም ቢሆን እንዲህ አያነጣጥርም።

አሁን ማንም እንዳይነካው አደረግኩ። መጀመሪያ ግን በውስጥም በውጭም በሰፊ ፕላስተር መስቀለኛ አድርጌ ለጠፍኩት፣ ሶፋውንም አርቄ ልጆቹ እንዳይጠጉ ከለልኩት። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ አንድ ካሬ ሜትር መስታወት በየ1 ሚሊ ውፍረቱ 2 ኪሎ ተኩል ይመዝናል፣ የኛ መስታወት ተሰልቶ 33 ኪሎ አልፏል፣ ወርዶ እግር ላይ ቢያርፍ አስቡት። ከዛ ሳንቲም አጠገቡ አስደግፌ ስንጥቁ የተነሳበትን ቦታ፣ የታጠፈበትን፣ የቆመበትን ሁሉ ፎቶ አነሳሁ።

የስራ ባልደረባዬ አጎት ዕድሜያቸውን ሙሉ መስታወት ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፣ ለምነን አመጣናቸው። ጋሼ ገብተው ቡና እንኳን ሳይቀምሱ ቀጥታ መስኮቱ ስር ተንበረከኩ። መነፅራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ታችኛውን ጠርዝ ብዙ ደቂቃ አዩና "ልጄ ይሄ ሙቀት ነው። ግን ሙቀት ብቻውን አይደለም" አሉኝ።

እንዴት አወቁ ስላቸው ያስረዱኝን እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ። መስታወት ሲሰበር መስመሩ ይናገራል። ድንጋይ ወይ ኳስ የመታው ከሆነ የተመታችው ነጥብ ትታወቃለች፣ ከሷ ተነስቶ እንደ ፀሐይ ጨረር ወይ እንደ ሸረሪት ድር በየአቅጣጫው ይበተናል። ፍሬሙ ተጣሞ ወይ ከላይ ያለው ግንብ ተጭኖት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከጥግ ነው የሚነሳው፣ አግድም ሰያፍ ሆኖ። የሙቀት ስንጥቅ ግን ከጠርዙ ሲነሳ ልክ በማዕዘን መለኪያ እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ ነው የሚገባው፣ ሁለት ሶስት ጣት ያህል ቀጥ ብሎ ይሄድና ከዛ እንደፈለገ መጠማዘዝ ይጀምራል። የኛን አየሁት፣ የመጀመሪያዋ 4 ሴንቲ በማስመሪያ የተሰመረች ናት። ደግሞም መስመሩ አንድ ብቻ ነው፣ ብዙ ቦታ ቢከፋፈል ኖሮ በጣም ከባድ ሃይል ነው ማለት ነው፣ አንድ ብቻ ሲሆን ግን ትንሽ ሃይል በቅቶታል፣ ትንሽ ሃይል የሚበቃው ደግሞ ጠርዙ ቀድሞ የቆሰለ መስታወት ነው አሉ። ቴምፐርድ የሚባለው ጠንካራው መስታወት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፣ እሱ ሲሰበር ሙሉ በሙሉ እንደ ጨው ድንጋይ ተበትኖ ነው የሚረግፈው፣ እንዲህ ተሰንጥቆ አይቆምም።

"አቡጀዲ ሲቀደድ አይተህ ታውቃለህ?" አሉኝ ደግሞ። ነጋዴው ጨርቁን እንዲሁ ቢጎትተው ቢጎትተው አይቀደድለትም፣ ጫፉን በመቀስ ጠቅ ሲያደርገው ግን ጫር ብሎ እስከ ዳር ይሄድለታል። "ፀሐይዋ ጎታቿ ናት። መቀሱን እንፈልገው" ብለው ተነሱ።

መቀሱን ከመፈለጋችን በፊት የመሠረቱን ነገር መዝጋት ነበረብኝ፣ አለበለዚያ እንቅልፍ የለም። ጓደኛዬ ባለኝ መሰረት የሶስቱንም የልስን ስንጥቆች ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ቀን ፃፍኩባቸው፣ አንዱ ላይ ደግሞ ተሻጋሪ አድርጌ ስስ ጄሶ ለጠፍኩበት፣ ግድግዳው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ጄሶው ይሰነጠቃል፣ ጄሶ አይዋሽም። የመስኮቱን ፍሬም ከጥግ እስከ ጥግ በሜትሮ በሁለቱም ሰያፍ ለካሁ፣ አንዱ 212 ሴንቲ ከ6 ሚሊ፣ ሌላው 212 ከ8፣ የ2 ሚሊ ልዩነት ማለት ነው፣ ፍሬሙ ቢጣመም ይሄ ልዩነት ትልቅ ይሆን ነበር። ውሃልክም አስቀመጥኩበት፣ ደህና ነው። በሮቹን ሁሉ ከፍቼ ዘጋሁ፣ አንድም የሚፋተግ የለም። ከመስኮቱ በላይ አርኪትራቩ ጋ፣ ማለትም የላዩን ግንብ የሚሸከመው አግዳሚ ጋ፣ ምንም ስንጥቅ የለም። ጄሶው ሶስት ሳምንት ቆይቶ እንዳለ ነው። (አሁንም እንዳለ ነው፣ ባለቤቴ ቀለም ካልቀባሁት እያለች ትጨቀጭቀኛለች።)

ሙቀቱን ደግሞ ለካሁት። በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ የሚደግኑብን ቴርሞሜትር ትዝ ይላችኋል አይደል፣ ባለቤቴ ቢሮ አንድ ተቀምጦ ነበር፣ ብዙዎቹ የሰው ሳይሆን የእቃ ሙቀት የሚለኩበት ቁልፍ አላቸው፣ እሱ ላይ አደረግኩትና ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ከውስጥ በኩል መስታወቱ ላይ ደገንኩ። መሃሉ 41 ዲግሪ። ታችኛው ጠርዝ፣ ፍሬሙ ጋ፣ 17። የ24 ዲግሪ ልዩነት በአንድ መስታወት ላይ፣ በሰባ ሰማንያ ሴንቲ ርቀት! የላብራቶሪ መለኪያ አይደለም፣ ሁለት ሶስት ዲግሪ ይሳሳታል እንበል፣ ቢሆንም።

እንዴት እንደዚህ ሆነ? ነገሮች ተደራርበው ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ብርድ እኛ ጋ እስከ ጥር ይዘልቃል፣ ሌሊቱ 6 እና 7 ዲግሪ ይወርዳል፣ ግንቡም ፍሬሙም በረዶ ሆኖ ያድራል፣ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ፀሐይዋ ከአድማስ ብቅ እንዳለች ቀጥታ ምስራቅ ያለው መስታወት ላይ ትወድቃለች። ክረምት ላይ ቢሆን ደመና ነው፣ ሌሊቱም እንዲህ አይከፋም፣ ለዛ ነው ሁለቱም በበጋ የተሰነጠቁት። መስታወቱ ደግሞ ብሮንዝ ነው፣ ባለቀለም መስታወት እንደ ነጩ ፀሐይን ዝም ብሎ አያሳልፍም፣ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ሙቀት ራሱ ይጠጣል። ከኋላው ደግሞ ወፍራም ብላክአውት መጋረጃ ተጠግቶታል፣ ከላይ እስከ ወለል ድረስ፣ ማታ እንዘጋና ጠዋት ቶሎ አንከፍተውም፣ በመስታወቱና በመጋረጃው መሃል የገባው አየር መውጫ አጥቶ ይጋላል። በዛ ላይ የጎረቤት የውሃ ታንከር ጥላ በሰያፍ ታችኛውን ክፍል ይሸፍነዋል፣ ስለዚህ ላዩ ሲግል ታቹ ብርዱን እንደያዘ ነው።

መሃሉ ሲሞቅ ልለጠጥ ይላል፣ ጠርዙ ቀዝቅዞ ፍሬም ውስጥ ተደብቆ አልለጠጥም ይላል፣ እና መሃሉ ጠርዙን ይጎትተዋል። መስታወት ብትጫኑት ይችላል፣ መጎተት ነው የማይችለው። ጤነኛ ጠርዝ ያለው ተራ መስታወት ወደ 40 ዲግሪ ገደማ ልዩነት ይችላል፣ ስለዚህ የኛ 24 ብቻውን ሊሰነጥቀው አይገባም ነበር። ጋሼ ሙቀት ብቻውን አይደለም ያሉት ለዚህ ነው።

በነጋታው ቅዳሜ መስታወቱን እኔ ቆሜ ጋሼ እያዘዙ ሁለት ጎረምሶች ጓንት አድርገው አወረዱት። ጎማውን ላጥ ላጥ አድርገው ሲያወጡት ጋሼ "ቆይ ቆይ" ብለው እጃቸውን ታችኛው የፍሬም ቦይ ውስጥ ሰደው ዳበሱ። ከቀኙ ጥግ 31 ሴንቲ ላይ የብሎን ጭንቅላት። ፍሬሙን ከግንቡ ጋ ያሰሩበት ብሎን ነው፣ እስከ መጨረሻ አልጠበቀም፣ ሶስት ሚሊ ያህል ቀና ብሎ ቆሟል፣ 33 ኪሎው መስታወት በቀጥታ እሱ ላይ ነው የተቀመጠው። ከመስታወቱ ስር መግባት የነበረበት የጎማ ማረፊያ የሚባል ነገር የለም። አንድም። ቦይው ውስጥ ያለው የደረቀ ሲሚንቶ ፍርፋሪ ነው።

የወረደውን መስታወት ጠርዝ በስልክ መብራት አየነው፣ ስንጥቁ የተነሳባት ቦታ ላይ ትንሽ የዛጎል ቅርፅ ያላት ፍልጥ አለች፣ ከምስር ፍሬ አትበልጥም። መቀሷ ይቺ ናት። የመጀመሪያውም መስታወት እዛው ብሎን ላይ ነው የተቀመጠው፣ አዲሱን የገጠሙት ልጆችም ከስር ምን እንዳለ ሳያዩ ብድግ አድርገው መልሰው እዛው ላይ ቁጭ አደረጉት። የሚገርመኝ በብሎን እንደተፈለጠ ሳይሰነጠቅ ሳምንታት መቆየቱ ነው፣ ጎታቿን ፀሐይ ሲጠብቅ ነበር ማለት ነው።

ሌላም ነገር አገኘን። መስታወቱ በጎን በኩል በግራ 2 ሚሊ ክፍተት ሲኖረው በቀኝ ምንም የለውም፣ ከፍሬሙ ጋ ተፋጥጧል። ይሄ ለብቻው ችግር ነው፣ ምክንያቱም አሉሚኒየም ከመስታወት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው በሙቀት የሚረዝመውና በብርድ የሚያጥረው። ቀን 40 ዲግሪ የደረሰ ፍሬም ሌሊት 6 ሲወርድ፣ በ1 ሜትር ከ40 ወርዱ ላይ አሉሚኒየሙ ከ1 ሚሊ ትንሽ በላይ ያጥራል፣ መስታወቱ ግማሽ ሚሊ ያህል ብቻ። ልዩነቱ ሲያዩት ምንም ነው፣ ግን ክፍተት ከሌለ ፍሬሙ መስታወቱን እንደ ፒንሳ ይቆነጥጠዋል። ጋሼ "ድሮ በስቱኮ ስንገጥም እንኳን ክብሪት እንጨት የምታክል ቦታ እንተው ነበር" አሉ።

ሶስተኛውን መስታወት ስናስገጥም እንግዲህ ብሎኑን እስከ መጨረሻ አጥብቀን ጭንቅላቱ ከቦይው በታች እንዲሆን አደረግን፣ ፍርፋሪውን በብሩሽ ጠርገን አወጣን፣ ሁለት ጠንካራ የጎማ ማረፊያ ከስር አስገባን፣ አንዱ ከግራ ጥግ 35 ሴንቲ ሌላው ከቀኝ 35 ሴንቲ፣ ማለትም የወርዱ ሩብ ሩብ ላይ፣ ጥጉ ላይ ወይ መሃል ላይ ብቻ ካደረጋችሁት ክብደቱ አይከፋፈልም። በየጎኑ 4 ሚሊ ክፍተት እንዲተርፍ አሳንሰን አዘዝን። ዓይነቱን ቴምፐርድ አደረግነው፣ ይሄ ምርጫ ነው፣ ጠርዙ በማሽን በደንብ የተሞረደ ተራ መስታወትም ይሰራ ነበር ጋሼ እንዳሉኝ፣ ግን መስኮቱ ከወለል 40 ሴንቲ ብቻ ነው ያለው፣ ልጆች አሉ፣ እና ቴምፐርድ እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ልዩነት ይችላል፣ ቢሰበርም ደቃቅ ሆኖ ነው የሚረግፈው። ማወቅ ያለባችሁ ግን ቴምፐርድ ከተሰራ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም፣ ልኩን ከተሳሳታችሁ አለቀ፣ ስለዚህ ሶስት ጊዜ ለክታችሁ ነው የምታዙት፣ ከላይ ከመሃል ከታች፣ ትንሹን ቁጥር ትይዛላችሁ። እኛ ሶስት ሳምንት ጠብቀናል፣ በዛ ብርድ መስኮቱ ላይ ኮምፔርሳቶ ለጥፈን።

አንዳንድ ሰው ከውጪ እንዳይታይ ብሎ የተገጠመ መስታወት ላይ ጥቁር ስቲከር ያስለጥፋል። ተራ መስታወት ከሆነ ፀሐይ የሚያገኘው አቅጣጫ ላይ ባታደርጉት ይሻላል፣ ስቲከሩ የሙቀቱን ነገር ያብሰዋል። የደቡብ መስኮት ያላችሁ ደግሞ ክረምት ላይ ምንም ፀሐይ አይነካውም ብላችሁ አትዘናጉ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ገደማ አዲስ አበባ ላይ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፣ በጋ ሲገባ ግን ወደ ደቡብ ትዞራለች፣ ያንን መስኮት ቀኑን ሙሉ ነው የምታገኘው። በክረምት የተገጠመ መስታወት የመጀመሪያ ፈተናው ጥቅምትና ኅዳር ነው ማለት ነው።

ቤት እያሰራችሁ ያላችሁ፣ ውሉ ላይ ስለ መስታወቱ ዋስትና ለብቻው አፅፉ፣ ውፍረቱን፣ የጎማ ማረፊያውን፣ በየጎኑ የሚተወውን ክፍተት በሚሊ። እና መስታወት በሚገጠምበት ቀን ከስራም ቢሆን ፈቃድ ጠይቃችሁ ሳይት ላይ ተገኙ፣ ሰራተኞቹ ከመግጠማቸው በፊት ቦይውን በእጃችሁ ዳብሱት፣ አይከብድም፣ አንድ ደቂቃ ነው። የተሰነጠቀባችሁ ከሆነ ደግሞ ማንም "እናንሳልህ" ቢል ስንጥቁ ከየት እንደተነሳ ፎቶ ሳታነሱ እንዳታስነኩ፣ ከተነሳም በኋላ ያቺን የተነሳበትን ቁራጭ በካርቶን ጠቅልላችሁ አስቀሩ።

እኔ ቁራጯን ይዤ የአሉሚኒየም ባለሙያው ጋ ሄድኩ፣ የብሎኑን ፎቶ፣ የሜትሮውን ፎቶ፣ የሁለቱን ስንጥቅ ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ አሳየሁት። እንደ መጀመሪያው ቀን አልተከራከረም፣ ብዙ አየና "እነዚህ ልጆች" አለ ብቻ። የሶስተኛውን ግማሽ እሱ ቻለ፣ የሁለተኛውን ግን አልመለሰም፣ እኔም ደከመኝና ተውኩት።

ያንን በጋ አልፎ የዘንድሮውንም ኅዳርና ታኅሣሥ ጨርሶታል፣ መስታወቱ ሰላም ነው። በየጊዜው በቴርሞሜትሩ እለካዋለሁ፣ በሽታ ሆኖብኛል። መጋረጃው ተነስቶ ሲለካ መሃሉ 34 እና 35 ነው የሚሆነው፣ ተዘግቶ ሲያድር ያው 40ን ያልፋል፣ ቴምፐርድ ስለሆነ ምንም አይለውም ግን ዘንጉን ከመስታወቱ 12 ሴንቲ አርቀን፣ የመጋረጃውንም ግርጌ ከወለል ከፍ አድርገን አየር እንዲገባ አድርገናል። ባለቤቴ ያጠረ ቀሚስ ይመስላል ትላለች። አማቴ ደግሞ በመጡ ቁጥር ቤቱን ጸበል ይረጩታል፣ መስታወቱን ግን ጥላ ሲሆን ነው የሚረጩት፣ ይሄንን ተስማምተናል።